«ሊኑክስ ላይ ይሠራል» የተባለ ጌም ከየት ይገዛ?

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ሰሞን ደወለልኝ። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11ን አልቀበልም ብሎታል፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ በኦክቶበር 2025 አብቅቷል፣ ስለዚህ ቆርጦ በዊንዶውስ ፋንታ ነጻውን ሲስተም፣ ሊኑክስ ሚንትን፣ ጫነበት። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ካልሆነ እነግራችኋለሁ።) ዋይፋዩም ፕሪንተሩም ሳያስቸግረው መሥራቱን በደስታ ነገረኝና ወደ ዋናው ጉዳይ መጣ። «አንድ ጌም ሦስት ሱቅ ላይ አገኘሁት። አንደኛው ጋ የሊኑክስ ምልክት አለበት። ሁለተኛው ጋ ምልክቱ የለም፣ ግን ረከስ ይላል። ሦስተኛው ጋ በነጻ እየሰጡት ነው። የቱን ልውሰድ?»

ከስድስት ሰባት ዓመት በፊት ቢሆን «ምልክት ያለበትን ግዛና ተገላገል» እለው ነበር። አሁን ግን አልልም። ያ ምልክት ደጋግሞ ሸውዶኛል። ዛሬ ሰው ሲያማክረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ኢንተርኔት ሲጠፋ ይከፈታል ወይ?» ብዬ ነው። ቀጥዬ «ድርጅቱ ነገ ሐሳቡን ቢቀይር እጅህ ላይ ምን ይቀራል?» እላለሁ። የሊኑክስ ምልክቱ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ትንሽ ረዘም ይላል።

ምልክቱ ያለበት ወይስ የዊንዶውሱ ቅጂ?

ፖርት የምንለው ለዊንዶውስ የተሠራን ጌም ለሊኑክስ እንዲሆን አድርጎ እንደገና ማዘጋጀት ነው። ወይ ጌሙን የሠራው ድርጅት ራሱ ያደርገዋል፣ ወይ በኮንትራት ለሌላ ይሰጠዋል። ሥራው አዲስ አይደለም። ሎኪ የሚባል የአሜሪካ ድርጅት በ1998 ተቋቁሞ የታወቁ የዊንዶውስ ጌሞችን ለሊኑክስ አዘጋጅቶ ይሸጥ ነበር። ገዢ አጣና 2002 መጀመሪያ ላይ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል ሊኑክስ ላይ መጫወት ማለት ትዕግሥት ማለት ነበር።

በ2013 ስቲም የሚባለው ትልቁ የጌም ሱቅ ለሊኑክስ ሲመጣ ነገሩ ተነቃቃ። አስፓይር የሚባለው ድርጅት ሲቪላይዜሽን 5ን አመጣ፣ ፌራል የሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት ደግሞ ኤክስኮምን፣ ቶምብ ሬይደርን፣ ቶታል ዋርን። የፌራልን ሥራ ዛሬም አመሰግናለሁ፤ ንጹሕ ነበር። ግን በ2014 የመጣውን ዊቸር 2 ያስታወሰ ሰው ምልክቱን አይቶ አይዘልም። «የሊኑክስ ቅጂ» ተብሎ ተሸጠ፣ ውስጡ ሲታይ ግን የዊንዶውሱ ጌም በማስተርጎሚያ ተጠቅልሎ ነበር። ጥሩ ማሽን ላይ እንኳ ይንቀረፈፍ ስለነበር ሰዉ ተቆጣ። በኋላ በአፕዴት ተሻሻለ፣ እሱን አልክድም፣ ግን በመጀመሪያው ቀን የገዛው ሰው የሞካሪነት ሥራ በነጻ ሠራላቸው።

ከዚህ የባሰው መጥቶ መሄዱ ነው። ሮኬት ሊግ ለሊኑክስ በ2016 ወጣ፣ ሰዎች ከፍለው ገዙት፣ ዓመታት ተጫወቱት። በ2019 ሠሪውን ሳይኦኒክስን ኤፒክ የሚባለው የጌም ድርጅት ገዛው። በ2020 መጀመሪያ ላይ የሊኑክስና የማክ ቅጂዎች በኦንላይን መጫወት እንደሚያቆሙ ተነገረ፣ በማርች ቆመ። ገንዘብ ለጠየቀ ተመለሰለት። አስቂኙ ነገር፣ በዚያው ሰሞን የዊንዶውሱን ቅጂ ሊኑክስ ላይ በፕሮቶን (የዊንዶውስ ጌም የሚከፍት ማስተርጎሚያ ነው፣ እመለስበታለሁ) የከፈተ ሰው መጫወቱን ቀጠለ። ምልክት ያለበትን የመረጠ ተጎዳ፣ ምልክት የሌለበትን የከፈተ ዳነ። ረስት የሚባለው ጌምም ከዚያ ቀደም ብሎ በ2019 ተመሳሳይ ነገር አድርጓል።

ፖርት ለምን እንዲህ ቶሎ ያረጃል? አንዱ ገንዘብ ነው፤ የሊኑክስ ተጫዋች ቁጥር ስቲም ላይ 3 በመቶን ያለፈው በ2025 መጨረሻ አካባቢ ነው። ኮንትራቱ ሲያልቅ ፖርቱን የሠራው ድርጅት ይሄዳል፣ የዊንዶውሱ ጌም ግን አዲስ አፕዴት ማግኘቱን ይቀጥላል፣ የሊኑክሱም ወደኋላ ይቀራል። ሌላው ደግሞ ሊኑክስ ራሱ ነው። በየዓመቱ ይታደሳል፣ ጌሙ ግን በተሠራበት ዓመት የነበሩትን ፋይሎች ይፈልጋል፣ አንድ ቀን ስትከፍቱት «ይህ ፋይል የለም» ይልና ይዘጋል። ስቲም ለዚህ ብሎ የድሮዎቹን ፋይሎች አንድ ላይ ሰብስቦ ለጌሙ ያቀርባል። ከሌላ ሱቅ ያወረዳችሁት ፖርት ግን ይህን አያገኝም፣ ስለዚህ ራሳችሁ ትታገላላችሁ።

ደግሞ ጥቃቅን ጣጣ አለ። በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ሆሄ የሚባል ነገር የለም፣ በላቲኑ ግን አለ። ዊንዶውስ ሁለቱን እንደ አንድ ያያል፣ ሊኑክስ ግን ይለያቸዋል። ፕሮግራመሩ አንዱን የሥዕል ፋይል በትልቅ ሆሄ ሰይሞ ኮዱ ውስጥ በትንሽ ከጠራው፣ ዊንዶውስ ላይ ማንም አያውቅበትም፣ ሊኑክስ ላይ ግን የጀግናው ፊት ይጠፋል። ስንቱ ፖርት በዚህ ተበላሽቷል መሰላችሁ።

እንግዲህ ፕሮቶን እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። የዊንዶውስን ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ የሚከፍተው፣ ዋይን የሚባለው ሥራ በ1993 የተጀመረ ነው። የስቲም ባለቤት ቫልቭ፣ ኮድዊቨርስ ከሚባለው ድርጅት ጋር ሆኖ ዋይንን ለጌም አስተካከለና በኦገስት 2018 ፕሮቶን ብሎ አወጣው። ውስጡ ያለው ዋነኛ ሞተር ዲኤክስቪኬ ይባላል፤ ጌሙ በዊንዶውስ ቋንቋ «ይህን ሥዕል ሣል» ሲል ቩልካን ወደሚባለው ቋንቋ ይተረጉመዋል። ዲኤክስቪኬን የጀመረው ሰው አንድ የሚወደውን ጌም ሊኑክስ ላይ መጫወት ፈልጎ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ይመቸው። ከፌብሩዋሪ 2022 ወዲህ ስቲም ዴክ የሚባለው በእጅ የሚያዝ የጌም ኮምፒውተር ሲሸጥ፣ እሱ ራሱ ሊኑክስ ስለሆነ፣ ትልልቆቹ ድርጅቶች ሳይወዱ በግድ ጌማቸው ፕሮቶን ላይ መሥራቱን ማየት ጀመሩ።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፤ ብቻዬን ለምጫወተው ጌም ብዙውን ጊዜ የዊንዶውሱን ቅጂ በፕሮቶን እመርጣለሁ። ምልክቱ ካለበትም ስቲም ላይ ጌሙን ቀኝ ክሊክ አድርጌ፣ ከባሕርይው ዝርዝር ውስጥ ተኳኋኝነት የሚለውን ገብቼ ፕሮቶንን በግድ አስመርጠዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ በሊኑክሱ ቅጂ የጀመራችሁት ሴቭ በዊንዶውሱ ላይ ላይገኝ ይችላል። ግማሽ ከተጫወታችሁ በኋላ አትቀይሩ።

ይህ ግን ለሁሉም ላፕቶፕ አይሆንም። አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት የሚሸጡት ያገለገሉ ላፕቶፖች፣ እነዚያ «ኮር አይ 5 ፎርዝ ጀነሬሽን» እየተባሉ የሚወደሱት፣ የራሳቸው የኢንቴል ግራፊክስ ቩልካን 1.3ን አይችልም። ፕሮቶን ከ8 ጀምሮ ደግሞ የሚፈልገው እሱን ነው። ያ ላፕቶፕ ካላችሁ ወደ ፕሮቶን 7 መመለስ አንድ መንገድ ነው። ካልሆነ ግን የድሮዎቹ የሊኑክስ ፖርቶች፣ ከቩልካን የቆየውን የሥዕል ቋንቋ ኦፕንጂኤልን የሚጠቀሙት፣ ከፕሮቶን ይልቅ ለእናንተ ይሻላሉ። እስካሁን ያማሁትን ምልክት እዚህ ጋ አከብረዋለሁ። ማሽናችሁን ሳታውቁ የማንንም ምክር አትስሙ፣ የእኔንም ጨምሮ።

ሌላም፦ ድሮ ዊንዶውስ ያለበት ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ላይ የቀሩትን ጌሞች ከሊኑክስ ሆኜ እከፍታለሁ ብላችሁ አትድከሙ። የዲስኩ ፎርማት ለፕሮቶን አይመችም፤ አንዳንዱ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ያለ ምክንያት ይዘጋል። የሊኑክሱ ዲስክ ላይ እንደገና ጫኑት።

ቁልፉ የማን ነው?

ዲአርኤም ማለት ጌሙ በተከፈተ ቁጥር «ገዝተኸኛል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅበት ቁልፍ ነው። ጥያቄው ራሱ ባልከፋ። የከፋው መልሱን የሚሰጠው የእናንተ ኮምፒውተር ሳይሆን ሩቅ አገር ያለ ሰርቨር ሲሆን ነው።

በ2012 ዓ.ም. (ይሄኛው የኛ አቆጣጠር ነው) ሰኔ መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል እንደቆየ ታስታውሳላችሁ። ያኔ ከብዙ ጭንቀት መሀል የተረዳሁት ትንሽ ነገር ቢኖር፣ ገዝቻቸዋለሁ የምላቸው ጌሞች ለሁለት መከፈላቸውን ነው። አንዳንዶቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ተከፈቱ። አንዱ ግን፣ የአሳታሚውን ስም አልጠራም፣ ስቲም ላይ የገዛሁት ሆኖ ሳለ ሲከፈት የራሱን ላውንቸር (መክፈቻ ፕሮግራም) ይጠራል፣ ላውንቸሩ ደግሞ «እባክዎ ይግቡ» ይላል። በየት በኩል ልግባ? ሃርድ ዲስኬ ላይ 60 ጊጋ ተቀምጧል፣ ገንዘቡ ከሄደ ቆይቷል፣ እኔ ግን በር ላይ ነኝ። ሰፈራችን ያለ ልጅ በዚያው ሳምንት ያንኑ ጌም በፍላሽ አስጭኖ፣ ክራክ የተደረገውን (ቁልፉ የተሰበረውን)፣ እየተጫወተ ነበር። ክራክ ጫኑ እያልኩ አይደለም፤ ሊኑክስ ላይም ቫይረስ ባይሆን ሌላ ጣጣ ያመጣል። ግን ቁልፉ ያስቸገረው ሌባውን ሳይሆን ከፋዩን ነው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቁልፎቹ እኩል አይደሉም። የስቲም የራሱ ቁልፍ ቀላል ነው፤ አንዴ ኢንተርኔት ባለበት ገብታችሁ ጌሙን ከከፈታችሁት በኋላ በኦፍላይን ሁነታ ይሠራል። ስቲም ላይ ያለ ሁሉ ቁልፍ አለው ማለትም አይደለም፤ አንዳንድ ጌም ስቲም ራሱ ሳይከፈት ከፎልደሩ ይነሣል። ለዚህ ምልክት የለውም፣ ሞክሮ ማየት ነው።

ዴኑቮ ሌላ ነገር ነው። ኮምፒውተራችሁን ይለይና ለዚያ ኮምፒውተር ብቻ ፈቃድ ይሰጣል። ሊኑክስ ላይ ያለው ችግር፣ የፕሮቶንን ቁጥር ስትቀይሩ ዴኑቮ ኮምፒውተር የቀየራችሁ ይመስለዋል። አንድ ጌም አልከፈት ሲለን ሁላችንም የምናደርገው ምንድን ነው? አንዱን ፕሮቶን፣ ሌላውን ፕሮቶን፣ ከዚያ ሦስተኛውን መሞከር። አምስት ያህል ሲሞላ ዴኑቮ «በዛ» ብሎ ለ24 ሰዓት ይዘጋባችኋል። ዊንዶውስ ላይ ያለ ሰው ይህን ዕድሜ ልኩን ላያየው ይችላል። ስለዚህ ዴኑቮ ያለበትን ከገዛችሁ መጀመሪያ ፕሮቶንዲቢ በሚባለው የተጫዋቾች ድረ ገጽ ላይ ሌሎች በየትኛው ቁጥር እንደተሳካላቸው አንብቡ፣ ከዚያ አንዱን መርጣችሁ አትነካኩት።

አፕዴትም ቁልፍ ሊጨምር ይችላል። በሜይ 2020 ዱም ኢተርናል ሊኑክስ ላይ ቆንጆ ሆኖ እየሠራ ሳለ፣ ብቻውን ለሚጫወተው ሰው እንኳ የማጭበርበር መከላከያ ጨመሩበትና ሊኑክስ ላይ ቆመ። ጩኸቱ ሲበዛ በቀናት ውስጥ እንደሚያወጡት አሳወቁ። የዚያን ጊዜ ዕድለኞች ነበርን። ዩቢሶፍት በማርች 2024 ዘ ክሩ የሚባለውን የመኪና ጌሙን ሰርቨር ሲዘጋ ግን ጌሙ ብቻውን ለሚጫወተውም አብሮ ሞተ። ከዚያ የተነሣው «ጌሞችን መግደል አቁሙ» የሚለው ዘመቻ አውሮፓ ውስጥ በ2025 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ ሰብስቧል። ብስጭቱ የሊኑክስ ሰው ብቻ አይደለም ማለት ነው።

በኦንላይን ውድድር ለሚጫወት ሰው ደግሞ አጭር ነገር ልበልና ልለፍ፦ ቫሎራንት የለም። ፎርትናይት የለም። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ከሜይ 2024 ጀምሮ የለም። ኤፔክስ ይሠራ ነበር፣ በኦክቶበር 2024 መጨረሻ ሊኑክስን አግደውታል። የጂቲኤ ኦንላይኑም ከሴፕቴምበር 2024 ወዲህ እንዲሁ። የሚያበሽቀው፣ ኢዚ አንቲቺት እና ባትልአይ የሚባሉት ሁለት ትልልቅ መከላከያዎች ከ2021 ጀምሮ ፕሮቶንን ይደግፋሉ፤ ማብራትና ማጥፋቱ የጌሙ ባለቤት ውሳኔ ነው። ማለትም የቴክኒክ ችግር ብቻ አይደለም፣ «አንፈልጋችሁም» ነው። ሕይወታችሁ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ከሆነ ዊንዶውሱን ጎን ለጎን አኑሩት፣ ራሳችሁን አታሰቃዩ።

ከመግዛታችሁ በፊት የስቲምን ገጽ በቀኝ በኩል ወደታች አንብቡት። ዴኑቮ ካለ ይጽፈዋል፣ ሌላ አካውንት የሚጠይቅ ከሆነ ይጽፈዋል፣ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ኮምፒውተሩ እምብርት ውስጥ የሚገባ መከላከያ ካለው እሱንም ይጽፋል። ይህች ሳጥን ከሊኑክሱ ምልክት ይልቅ እውነቱን ትነግራችኋለች። እኔ አሁን ከዋጋው በፊት እሷን ነው የማየው።

ሱቆቹ

ኤፒክ ጋ እንጀምር፣ ምክንያቱም ነጻ የሚለው ቃል ሁላችንንም ይጠራናል። ሱቁ በዲሴምበር 2018 ሲከፈት ከሠሪው 12 በመቶ ብቻ እወስዳለሁ አለ። ስቲም በተለምዶ 30 ይወስዳል። ለሠሪው መልካም ነው፣ አልቃወምም። ግን ኤፒክ ገንዘብ እየከፈለ ጌሞችን «ለአንድ ዓመት እኔ ጋ ብቻ» ያስብል ጀመር፣ ሱቁ ደግሞ ለሊኑክስ የሚሆን ፕሮግራም አላወጣም። ለዊንዶውስ ሰው ኤክስክሉሲቭ ማለት ሌላ ሱቅ መሄድ ነው። ለእኛ በር የሌለው ሱቅ ነው።

ሜትሮ ኤክሶደስን አስታውሱ። ስቲም ላይ አስቀድሞ እየተሸጠ ሳለ፣ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ በጃንዋሪ 2019፣ ተነሥቶ ኤፒክ ጋ ሄደ። ከአንድ ዓመት በኋላ ተመለሰ። በ2021 ደግሞ የሊኑክስ ቅጂ ወጣለት፣ ያውም ደህና። ማለትም የጠበቀ ሰው የተሻለውን አገኘ። ፊኒክስ ፖይንት ደግሞ የባሰ ነው፤ ከሕዝብ ገንዘብ ተሰብስቦ የተሠራ ጌም ነው፣ ስቲምና ጎግ የሚባለው ሌላ ሱቅ ላይ እንደሚወጣ ተነግሮ ነበር፣ በ2019 ለአንድ ዓመት ኤፒክ ጋ ብቻ ሆነ። ቃል የተገባው የሊኑክስ ቅጂ ቀድሞውኑ ቀርቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ገና ላልተሠራ ጌም ብር አላዋጣም።

ታዲያ ነጻውን ጌም መተው አለባችሁ? የለባችሁም። ሄሮይክ የሚባል በፈቃደኞች የሚሠራ ፕሮግራም አለ፣ የኤፒክንም የጎግንም ጌሞች ሊኑክስ ላይ ያወርዳል፣ በፕሮቶን ይከፍታል። እኔ የኤፒክን ነጻ ጌሞች የምወስደው በእሱ ነው። ግን በነጻ እወስዳለሁ እንጂ ኤፒክ ላይ ገንዘብ አላወጣም። ኤፒክ ነገ አንድ ነገር ቢቀይር ሄሮይክ እስኪስተካከል እጠብቃለሁ፣ ደውዬ የምጮህበት ሰው የለኝም። ለነጻ ጌም ይህ ይበቃኛል፣ ለከፈልኩበት አይበቃኝም።

ጎግ የፖላንድ ሱቅ ነው፣ ሊኑክስን ከ2014 ጀምሮ ይደግፋል፣ ዋናው ነገሩም ቁልፍ የሌለው መሆኑ ነው። ጌሙን ታወርዳላችሁ፣ የመጫኛውን ፋይል ሃርድ ዲስክ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ከዚያ ሱቁ ቢዘጋም ኢንተርኔት ቢጠፋም የእናንተ ነው። ለእኛ አገር ይህ ቅንጦት አይደለም። በሞባይል ፓኬጅ 50 ጊጋ ማውረድ ምን እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። ደህና ዋይፋይ ያለበት ቤት አንዴ ሄዳችሁ ታወርዳላችሁ፣ ላፕቶፑ ፎርማት ሲደረግ ከዲስኩ ትጭናላችሁ፣ አለቀ። አንድ ትንሽ ማስታወሻ፦ ጎግ የዊንዶውሱን መጫኛ ከ4 ጊጋ ባልበለጡ ቁርጥራጮች ነው የሚያስቀምጠው፣ የሊኑክሱ ግን አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ፋት 32 የሆነ ፍላሽ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። እኔ ይህን ያወቅሁት ሰው ቤት አምሽቼ 11 ጊጋ ካወረድኩ በኋላ ነው።

የጎግ ቅሬታዬ ሁለት ነው። ጋላክሲ የሚባለውን የራሱን ፕሮግራም ለዓመታት ለሊኑክስ ሳያመጣ ቆይቷል። ደግሞ ስቲም ላይ የሊኑክስ ቅጂ ያላቸው ጌሞች ጎግ ላይ ለዊንዶውስ ብቻ ሆነው ይገኛሉ፤ የፌራል ሥራዎች ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። ግን ከላይ ያልኩትን ካመናችሁ ይህ ያን ያህል አያሳስባችሁም። ቁልፍ የሌለው የዊንዶውስ መጫኛ ከፕሮቶን ጋር፣ ቁልፍ ካለው የሊኑክስ ቅጂ ይልቅ ዕድሜ አለው ባይ ነኝ።

ስቲም በምቾት ማንም አይደርስበትም፣ እውነቱን መናገር አለብኝ። ትጫናለህ፣ ይሠራል። ከ2023 ወዲህ ደግሞ አንድ ዋይፋይ ላይ ያሉ ሁለት ኮምፒውተሮች ጌሙን ከኢንተርኔት ሳይሆን እርስ በርስ ይቀባበላሉ፤ ቤት ውስጥ ወንድምህ ያወረደውን አንተ ዳግም ፓኬጅ አትከፍልበትም። ግን ቫልቭም የጽድቅ ድርጅት አይደለም። የራሱን ጌሞች ዊንዶውስ ላይም ሊኑክስ ላይም የሚሰጠው በስቲም ብቻ ነው፣ ይህም ኤክስክሉሲቭ ነው፣ የኛን በር ስለሚከፍት ዝም አልነው እንጂ። የምትገዙት ደግሞ ፈቃድ እንጂ ጌሙን አይደለም፤ ካሊፎርኒያ ይህን በግልጽ ጻፉ ብላ በሕግ ካስገደደች ወዲህ መክፈያው ገጽ ላይ ራሱ ተጽፏል።

ገንዘብ መመለስ ላይ ልዩነታቸው ትልቅ ነው። ስቲምም ኤፒክም በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወታችሁ ይመልሳሉ። ሁለቱን ሰዓት ታሪኩን በመከተል አታባክኑ፤ ጌሙን ክፈቱ፣ ሴቭ አድርጉ፣ ዝጉ፣ ዋይፋዩን አጥፉና እንደገና ክፈቱ። ካልተከፈተ መልሱ። ጎግ 30 ቀን ይሰጣል፣ ተጫውታችሁትም ቢሆን።

ኢች የሚባለውም አለ፣ ትንንሽ ጌሞች ለምትወዱ። ቁልፍ የለውም፣ ብዙዎቹ ነጻ ናቸው፣ ለፎርዝ ጀነሬሽኗ ላፕቶፕም ይሆናሉ።

ካርድ የሌለው ደግሞ ውጭ ያለ ዘመድ ነው የሚገዛለት፣ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስቲም ላይ ስጦታ ስትላላኩ የሁለቱ አገር ዋጋ በጣም ከተራራቀ አይቀበለውም። ዘመዳችሁ ከመክፈሉ በፊት ይህን ንገሩት፣ አለዚያ ሌሊት በዋትስአፕ ትነታረካላችሁ።

የአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ ሲክስዝ ጀነሬሽን ነው፣ ፕሮቶን ይችላል። ነጻውን መጀመሪያ በሄሮይክ አውርድና ማሽንህ ይችለው እንደሆነ እይ አልኩት። ቻለው። አምስት ሰዓት ተጫወተና ወደደው፣ ከዚያ የጎጉን፣ ምልክት የሌለበትን፣ ዋሺንግተን ያለችው እህቱ ቅናሽ ሲኖር ገዛችለት። አሁን መጫኛው እናቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለች ሃርድ ዲስክ ላይ ተቀምጧል።

ትናንት ደግሞ ደወለ። «ኤፍሲስ? ኳሱ?»

የሠሪው የኢኤ መከላከያ ሊኑክስ ላይ አይሠራም፣ ፕሌይስቴሽን ቤት ሂድ አልኩት።